ክሮሺያ ቤት ገብታችሁ ቆስጣ በልታችሁ ታውቃላችሁ?

የማይን ዳር ልጅ (ፍራንክፈርት)

ሰላም ለሁላችሁ።

ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ የክሮሺያ ምግብ ቤት በር አልፌያለሁ። ከሥራ ስወጣ ትራም የምይዘው ፊት ለፊቱ ነው። በሩ ላይ ትንሽ የእንጨት ጀልባ ተሰቅላለች። መስኮቱ ላይ የተከመረ የሥጋ ጥብስ ፎቶ አለ። እኔ ደግሞ ጾም የማልፈታ ሰው ነኝ። «ይሄ የጥብስ ቤት ነው፣ ለእኔ አይሆንም» ብዬ ደምድሜ ነበር።

ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ አንድ ዓርብ ማታ፣ ረጅም ፈረቃ ጨርሼ ወጣሁ። ዝናቡ ይወርዳል። ትራሙ የለም። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም። ገባሁ።

አንዲት ስድሳውን ያለፈች ሴትዮ መጣች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች። «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት ነገር ይኖራችኋል?» አልኳት። ሌላ ቦታ ይህን ስጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ ሰላጣ ነው። እሷ ግን ሜኑውን ከእጄ ወሰደችና «ጾም ላይ ነሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እናቴም ዓርብ ዓርብ ሥጋ አትነካም ነበር» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ይዛ የመጣችውን ላስረዳችሁ። ሁለት ስስ ቂጣ ተደራርቧል። ጠርዙ ተጠቅልሎ ተዘግቷል። እኛ ድፎ በምንቆርስበት መንገድ ሳይሆን ሰያፍ በሰያፍ ተቆርጦ ቁርጥራጩ የአልማዝ ቅርጽ ይዟል። ላዩ በወይራ ዘይትና በጥሬ ነጭ ሽንኩርት ታሽቶ ያብለጨልጫል። እዚህም እዚያም ጠቆር ያለ የእሳት ምልክት አለው። አንዱን አንስቼ ገመጥኩ። ውስጡ ቆስጣ ነው! በደቃቁ የተከተፈ ቆስጣ፣ ሽንኩርትና ጨው። የቆስጣው ውሃ ሊጡ ውስጥ ሰርጎ መሐሉን አለስልሶታል። ጠርዙ ደግሞ ይንኮሻኮሻል። ሳህኑን ባዶ አደረግኩት። ሳልጠይቃት ሁለተኛ አመጣችልኝ።

ስሙ ሶፓርኒክ ይባላል። አገሩ ፖልዪትሳ ነው፣ ከስፕሊት ከተማ ወደ ኦሚሽ ስትሄዱ በላይ በኩል ያለው ተራራማ ቦታ። በዱሮው መንገድ ሲሠራ የምድጃው ድንጋይ በእሳት ይግላል። ፍሙ ወደ ጎን ይጠረጋል። እንደ ትልቅ ምጣድ የሰፋው ሊጥ በባዶው ድንጋይ ላይ ይዘረጋል። ከዚያ ያው ፍምና አመድ ተመልሶ ላዩ ላይ ይበተናል። ሲበስል አመዱ ይራገፋል፣ ዘይቱና ነጭ ሽንኩርቱ ይቀባል። ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሙ በአውሮፓ ኅብረት የተጠበቀ ነው።

«ታዲያ ይሄ ሜኑው ላይ ለምን የለም?» አልኳት። «ሰው እዚህ የሚመጣው ለጥብሱ ነው። ይህን የምንሠራው ለራሳችን ነው» አለች። የራሳቸውን እራት ነበር ያካፈለችኝ።

ይህ ነገር ከልቤ አልወጣም። የእኛም ምግብ ቤቶች እንዲሁ አይደሉ? ለእንግዳው በያይነቱ ይቀርባል። ከጓዳ ያሉት እህቶቻችን ግን ቅንጬ በተልባ ይበላሉ። ቅንጬው ሜኑ ላይ የለም። ያንን የሚያገኘው የጠየቀ ብቻ ነው።

ከፋሲካ በኋላ አንድ እሑድ ተመልሼ ሄድኩ። አሁን ቀጥታ «እናንተ እሑድ ምን ትበላላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳት። ፓሽቲትሳዳ አመጣችልኝ። አንድ ወጥ የበሬ ሙዳ ነው። ሙሉውን በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርገው ነጭ ሽንኩርትና ካሮት ይሰኩበታል። ቢያንስ አንድ ሌሊት ኮምጣጤ ውስጥ ያድራል። ከዚያ በቀይ ወይን፣ በደረቀ ፕሪምና በሽንኩርት ቀስ እያለ ለሰዓታት ይበስላል። መረቁ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ይወፍራል። መጀመሪያ ጣፋጭ ነው፣ ወዲያው ጎምዘዝ ይላል፣ መጨረሻ ላይ ቅርንፉዱ ይመጣል። የዶሮ ወጥ ቁሌት የሚያውቅ ሰው ስንት ሰዓት እንደፈጀ ከመጀመሪያው ጉርሻ ያውቀዋል። አብሮ የሚመጣው ከድንች የተሠራ ኞኪ ነው፣ መረቁን ለማጥቀስ።

ወይኑ ፕላቫትስ ማሊ ነበር። ቀይ ነው፣ ከበድ ያለ። እንደ ደረቀ በለስ ይሸታል። እኔ የወይን ሰው አይደለሁም፣ ግን ያንን ብርጭቆ ቶሎ መጨረስ አልፈለግኩም።

የምታውቁ ጻፉልኝ። ሌላ ምን ልጠይቃት? የትኛውን ወይን?

---

የሐረር በር (ሽቱትጋርት)

እህቴ፣ ጥሩ አድርገሽ ጽፈሻል። እኔ ግን አልቀናኝም። እዚህ እኛ ጋ የክሮሺያ ሰው ብዙ ነው። ምዕራብ ጀርመን ከዩጎዝላቪያ ጋር በ1968 እ.ኤ.አ. የሠራተኛ ስምምነት ስትፈራረም ከመጡት ብዙዎቹ ክሮሺያውያን ነበሩ ብሎኛል የፋብሪካ ባልደረባዬ። አባቱ ከእነሱ አንዱ ነው። እነዚያ የ«ባልካን ግሪል» ቤቶች የተስፋፉትም በእነሱ ጊዜ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ከቤተሰብ ጋር አንዱ ቤት ገባን። ቼቫፕቺቺ አዘዝን። ትንንሽ የተፈጨ ሥጋ ጥብስ ነው፣ የጣት ያህል። ግማሹን ከበላን በኋላ የአሳማ ሥጋ እንዳለበት አወቅን። አስተናጋጁን ቀድመን ጠይቀነው «የበሬ ነው» ብሎን ነበር። ልጆቼ አለቀሱ። ባለቤቴ ለሳምንት አልተረጋጋችም። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል አላልፍም።

ለእኛ ለሙስሊሞች የሚሆን ነገር አለ? በእውነት ነው የምጠይቀው። ባልደረባዬ ደጋግሞ ይጋብዘኛል፣ እኔ ደጋግሜ ሰበብ አበዛለሁ። ጥሩ ሰው ነው፣ ላስቀይመው አልፈልግም።

---

ሳቫ ወንዝ (ዛግሬብ)

ወንድሜ፣ የደረሰባችሁ ነገር ያሳዝናል። ጠይቃችሁ መዋሸት ትልቅ ጥፋት ነው።

እኔ ዛግሬብ ትምህርት ላይ ነኝ፣ አራተኛ ዓመቴ። እዚህ አገር ቼቫፒ (ያው ቼቫፕቺቺ ነው) ከቤት ቤት ይለያያል። የበሬ ብቻ የሚያደርጉ አሉ። ከአሳማ የሚቀላቅሉም ብዙ ናቸው። ቦስኒያዎች ቤት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የበሬ ወይም የበግ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በራሳቸው ቋንቋ አድርገው። «ቤዝ ስቪንየቲነ» ማለት «ያለ አሳማ ሥጋ» ነው። ጎቬዲና የበሬ፣ ቴሌቲና የጥጃ፣ ያንየቲና የበግ ጠቦት፣ ሪባ ዓሣ ነው። ፕርሹትና ኩለን ከሰማህ የአሳማ ነው፣ አትጠጋ። ፓሽቲትሳዳም ላይ ተጠንቀቅ። ብዙ ቤት ሙዳው ውስጥ ከካሮቱ ጋር የአሳማ ስብ ይሰካበታል። ወይንም አለበት።

የባሕሩን ምግብ ያዝ። የባሕር ዳሩ ክሮሺያ፣ በተለይ ዳልማትያ፣ በዓሣና በወይራ ዘይት የሚኖር አገር ነው። ዓሣውን በፍም ይጠብሱታል። ጨው፣ ዘይት፣ ትንሽ ሎሚ፣ በቃ። ከጎኑ ሁልጊዜ ብሊትቫ አለ፣ ቆስጣ በድንች። ባልደረባህን «ዓሣ እንብላ» በለው፣ ደስ ይለዋል። ወይን እንዳይጨምሩበት ግን ቀድመህ ንገራቸው፣ አንዳንድ የዓሣ ወጥ ውስጥ ይገባል።

እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ፔካ ጠይቂያት። እኔ የበላሁት ባለፈው ክረምት ስፕሊት አጠገብ፣ የክፍል ጓደኛዬ አያት ቤት ነው። ሰፊ ዝቅ ያለ ድስት ነው። ውስጡ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ካሮትና የጥጃ ወይም የጠቦት ሥጋ ይደረደራል። ላዩ ላይ እንደ ደወል የጎበጠ የብረት ክዳን ይደፋበታል። ከዚያ ክዳኑ ላይ ፍም ይከመራል። ከላይም ከታችም እሳት! እናቴ ድፎ ስትጋግር ያየሁት ነገር በሌላ አገር ፊቴ ቆመ። ኮባው ብቻ ነው የጎደለው።

አያቱ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው አንዴ ብቻ ከፈቱት፣ ሥጋውን ሊያገላብጡ። ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀ። ድንቹ የሥጋውን ጭማቂ ጠጥቶ ከሥጋው በልጦ ነበር። የኦክቶፐስ ፔካም አለ። ኦክቶፐሱ እንዲለሰልስ ቀድሞ ፍሪዘር ውስጥ ያድራል።

ፔካ ዘው ብለሽ ገብተሽ የምታዢው ምግብ አይደለም። ከአንድ ቀን በፊት ይነገራል።

እዚህ ዛግሬብ ደግሞ ሌላ ነው። የመሐል አገሩ ምግብ ወተትና ሊጥ ያበዛል። ዶላትስ የሚባለው ገበያ ቀይ ጃንጥላ ዘርግተው ይሸጣሉ። በታችኛው ፎቅ ገጠሬ ሴቶች የላም አይብ ያመጣሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ብበላው የእኛው አይብ ነው የምለው። እሱን በስስ ሊጥ ጠቅልለው ሽትሩክሊ ይሠራሉ። ተቀቅሎ ወይም ምድጃ ገብቶ ክሬም ይደረግበታል።

---

እትዬ ጓዳ (ስቶክሆልም)

ልጆቼ፣ እንደምን አላችሁ። ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ቬጄታ የምትባለው ሰማያዊ ከረጢት ከጓዳዬ ጠፍታ አታውቅም። ሾርባ ላይ ነስነስ አደርጋታለሁ። የአትክልት ወጥ ላይም። ሠላሳ ዓመት ያህል ስጠቀምባት የየት አገር ሰው እንደሠራት አላውቅም ነበር። ይህን ጽሑፍ አንብቤ ከረጢቱን ገልበጥ አድርጌ አየሁ። ክሮሺያ! ልጄን ጠየቅኩት። ፖድራቭካ የሚባለው ፋብሪካ፣ ኮፕሪቭኒትሳ ከተማ፣ በ1959 እ.ኤ.አ. ነው አለኝ። የሠራቻት ሴት ናት፣ ዝላታ ባርትል የምትባል። እግዜር ይስጣት። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ሁለተኛ፣ ቆስጣ በድንች እኛም እንሠራለን። እነሱ እንዴት ነው የሚያደርጉት? ዝርዝሩን ጻፉልኝ። ረቡዕ እሞክረዋለሁ።

---

የማይን ዳር ልጅ

እትዬ፣ እንኳን ደኅና መጡ። ሴትዮዋ ፊት ለፊቴ ሠርታ ነው ያሳየችኝ፣ እንዲህ ነው።

ለአራት ሰው አንድ ኪሎ ቆስጣ፣ ሦስት መካከለኛ ድንች፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ የወይራ ዘይት። ድንቹን እንደ አጥሚት ሳይሆን ፍሬው እንዲታይ በትንንሹ ከትፈው ጨው ባለው ውሃ ይቀቅሉ። ሊበስል ሲል የቆስጣውን ነጭ ግንድ ይጨምሩ። ቅጠሉ መጨረሻ ላይ ነው፣ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ ውሃውን ጥሩ አድርገው ያጥልሉት። እዚህ ላይ ቸኩለው ውሃ ካስቀሩበት ምግቡ ይበላሻል አለችኝ። በሌላ ድስት ዘይቱን ለብ አድርገው ነጭ ሽንኩርቱን ይጨምሩ። ቀለሙ እንዳይለወጥ። ሽታው ሲነሳ ድንቹንና ቆስጣውን ገልብጠው በእንጨት ማንኪያ ግማሽ በግማሽ ደምሰስ ያድርጉት። ሽንኩርት አይቁላላም፣ ቃሪያም የለም። ከላይ እንደገና ጥሬ ዘይት ጠብ ጠብ።

እኔ የለመድኩት ቆስጣ ቁሌት ያለው ነው። ይሄኛው የቆስጣውን የራሱን ጣዕም ነው የሚያወጣው። ሁለቱም በየራሳቸው ይጣፍጣሉ።

ወንድሜ የሐረር በር፣ የልጆችህ ነገር አሳዘነኝ። ሴትዮዋን ስለ አሳማው ጠይቄልሃለሁ። «ሰው ሲጠይቅ እኔ ራሴ ወጥ ቤት ገብቼ ነው መልስ የምሰጠው» አለችኝ። ፍራንክፈርት ከመጣህ አብረን እንሄዳለን።

---

ወይን ቀጂው (ኦክላንድ)

ሰላም ከካሊፎርኒያ። አሥራ አንድ ዓመት ምግብ ቤት ወይን ስቀዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህ ርዕስ የእኔ ነው፣ አላልፈውም።

እህቴ፣ የጠጣሽው ፕላቫትስ ማሊ የማን ልጅ እንደሆነ ልንገርሽ። እኛ ጋ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዚንፋንዴል የሚባል ቀይ ወይን አለ። አሜሪካኖች እንደ አገር ልጅ ነው የሚያዩት። ግን ከየት እንደመጣ ለረጅም ጊዜ ግልጽ አልነበረም። ብዙ ሰው ፕላቫትስ ማሊ ራሱ ዚንፋንዴል ነው ብሎ ያምን ነበር፣ ስለሚመሳሰሉ። ካሮል ሜሬዲት የተባሉ የዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከዛግሬብ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኢቫን ፔዪችና ኤዲ ማሌቲች ጋር ሆነው ዘረ መሉን መረመሩ። ፕላቫትስ ማሊ ዚንፋንዴል ሳይሆን ልጁ ሆኖ ተገኘ። ሌላኛው ወላጅ ዶብሪቺች የሚባል የዳልማትያ ወይን ነው።

ልጁ እዚያ ካለ ወላጁም እዚያ መኖር አለበት። ዳልማትያን መንደር ለመንደር ዞሩ። በ2001 እ.ኤ.አ. ካሽቴል ኖቪ በሚባል ቦታ፣ ስፕሊት አጠገብ፣ አንድ ያረጀ የወይን ማሳ ውስጥ ጥቂት ግንዶች አገኙ። የአካባቢው ሰው ትስርልየናክ ካሽቴላንስኪ ይላቸዋል፣ «የካሽቴላ ቀዩ» እንደማለት ነው። ምርመራው ደረሰ። ዚንፋንዴል ነው። በአገሩ ሊጠፋ ጥቂት ግንድ ቀርቶት፣ ባሕር ተሻግሮ ግን በስም ተቀይሮ ሰፊ እርሻ ይዞ ይኖር ነበር። ጣልያንም ውስጥ ፕሪሚቲቮ ብለው ይጠሩታል። ይህን ታሪክ ለደንበኞች ስነግር ሁልጊዜ ድምፄ ይለወጣል። እኔም ስሜን እዚህ አገር ሰው በሚመቸው አጥሬ የምኖር ነኝና።

ስለ ሰውም ልጨምር። ሚልየንኮ ግርጊች በ1923 ዴስነ በምትባል የዳልማትያ መንደር ተወለዱ። ዛግሬብ ተማሩ፣ በ1954 አገራቸውን ለቀቁ፣ በ1958 ናፓ ሸለቆ ደረሱ። እዚህ ማይክ ግርጊች ተባሉ። በ1976 ፓሪስ ውስጥ የፈረንሳይና የካሊፎርኒያ ወይኖች ስማቸው ተሸፍኖ ተቀመሱ። ዳኞቹ ፈረንሳውያን ናቸው። ከነጭ ወይኖቹ አንደኛ የወጣው የሻቶ ሞንተሌና የ1973 ሻርዶኔ ነበር። የጠመቁት እሳቸው ናቸው። ሲያረጁ በ1996 ፔልየሻትስ ልሳነ ምድር ላይ የወይን ቤት ከፈቱ፣ ፕላቫትስ ማሊና ፖሺፕ የሚባለውን ነጭ ወይን የሚጠምቅ። በ2023 መጨረሻ መቶ ዓመት ሞልቷቸው አረፉ።

ሴትዮዋን ዲንጋች አላት ወይ ብለሽ ጠይቂ። እሱም ፕላቫትስ ማሊ ነው፣ ግን ከፔልየሻትስ ገደል የሚለቀም። ገደሉ ቀጥ ብሎ ባሕሩ ላይ ይወርዳል። ፀሐይ ከሰማይ ትመታዋለች፣ ከባሕሩ ትንጸባረቅበታለች፣ ከነጩ ድንጋይ ደግሞ ሙቀቱ ይመለስበታል። ዱሮ ዘለላው በአህያ ተጭኖ ተራራውን ተሻግሮ ነበር የሚወጣው። በ1970ዎቹ ተራራው ተበስቶ 400 ሜትር ገደማ ዋሻ ተሠራ። እስከ ዛሬ አንዳንዱ ጠርሙስ ላይ አህያዋ አለች። ከ1961 ጀምሮ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ በአገሩ የመጀመሪያው። ውድ ነው። አልኮሉም ጠንካራ ነው፣ በባዶ ሆድ እንዳትነኪው።

---

ደብረ ብርሃን (ቪየና)

የሁላችሁንም አከብራለሁ። ግን አንድ ነገር ግር ብሎኛል። ባለፈው በጋ ዳልማትያ፣ ዛዳር ከተማ ለዕረፍት ሄጄ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ቀይ ወይናቸው ላይ ውሃ ሲጨምሩ አየሁ። ግማሽ በግማሽ! ጥሩ ወይን ከሆነ ውሃ ለምን ይጨመርበታል? የእኛ ሰው ጠጁ ላይ ውሃ ቢጨመርበት ጠጅ ቤቱን ይረብሻል።

ደግሞ ጥቁር ሩዝ በላሁ። ጥርሴም ከንፈሬም ጠቆረ። ጾም ነው ብለው ነው ያመጡልኝ። ለእኛ ይሆናል?

---

ሳቫ ወንዝ

ወንድሜ፣ ያየኸው ቤቫንዳ ይባላል። ቀይ ወይን በውሃ። ለክፉ አይደለም። የዳልማትያ ቀይ ከባድ ነው፣ ፀሐዩም ከባድ ነው። ከቀትር ጀምሮ ምሳው ላይ ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው እንዳለ ቢጠጣው ይወድቃል። ዲንጋች ላይ ግን ማንም ውሃ አይጨምርም፣ የቤት ወይን ላይ ነው። መሐል አገር ደግሞ ነጭ ወይን በአምቦ ውሃ ዓይነት ይቀላቅላሉ፣ ገሚሽት ይባላል። ቃሉ ከጀርመንኛ የመጣ ነው። ፍራንክፈርቶች የፖም ወይናቸውን በጋዝ ውሃ አይጠጡም እንዴ? ያው ነው። ለገሚሽት ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ግራሼቪና ነው፣ ከምሥራቁ ከስላቮኒያ የሚመጣ ቀለል ያለ ነጭ።

ጥቁሩ ሩዝ ሴፒያ የሚባለው የባሕር እንስሳ ከነቀለሙ የተሠራ ነው። ካቶሊኮቹ ዓርብ ከሥጋ ነው የሚታቀቡት፣ የባሕር ነገር ይበላሉ። የገና ዋዜማ እንኳን ባካላር ነው፣ የደረቀ ዓሣ በድንች። ብዙ ቤት አይብ ነስንሰውበት ሩዙን ያወርዱታል፣ እሱንም ጠይቅ። ለእኛ ይሆናል አይሆንም የሚለውን ግን የንስሐ አባትህን ብትጠይቅ ይሻላል። እዚህ መድረክ ላይ ስለ ዓሣ ከተጀመረ ክሩ አያልቅም።

---

የስድስት ኪሎ ልጅ (አዲስ አበባ)

እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ክሮሺያ ሄጄ አላውቅም። ግን ከክሮሺያ የመጣ ነገር በየቀኑ አያለሁ። እናንተም አይታችሁታል።

የየካቲት 12 ሐውልት። የነሐሱን ቅርጾች አስታውሱ። የወደቁት ሰዎች፣ ሬሳ የተሸከሙት፣ የሚያለቅሱት እናቶች። የሠሩት ሁለት ቀራፂዎች ናቸው፣ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች። ሁለቱም ክሮሺያውያን ናቸው። ያኔ አገሩ ዩጎዝላቪያ ነበር፣ ሐውልቱ የቆመው ማርሻል ቲቶ ወደ ኢትዮጵያ በመጡበት በ1955 እ.ኤ.አ. ነው። አውጉስቲንቺች ኒው ዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ቅጥር ግቢ ያለችውን ፈረሰኛዋን የሰላም ሐውልትም ሠርቷል።

ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስወጣ አባቴ እዚያ ይጠብቀኝ ነበር። የአያቴ ወንድም በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከሞቱት አንዱ ነው። ቅርጾቹን በጣቱ እየነካ ያሳየኝ ነበር። የሠራው ሰው ማን እንደሆነ ግን ሁለታችንም አናውቅም ነበር። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው ያወቅኩት።

አሁን ወደ ምግባችሁ ልምጣ። ፍራኖ ክርሺኒች የተወለደው ሉምባርዳ ነው፣ ኮርቹላ ደሴት ላይ። የድንጋይ ጠራቢዎች አገር ነው። ሉምባርዳ ወይን እንዳለው አንብቤ ነበር። ኦክላንድ ያለኸው ወንድሜ፣ እውነት ነው?

---

ወይን ቀጂው

ይህን አላውቅም ነበር። ሰውነቴን ወረረኝ።

አዎ፣ አለው። ግርክ ይባላል። ነጭ ነው። ዋነኛ ቦታው ያችው ሉምባርዳ ናት፣ አሸዋማ መሬት ላይ። ይህ ተክል አበባው ሴቴ ብቻ ነው፣ ራሱን ችሎ ፍሬ አይዝም። ስለዚህ ገበሬዎቹ በረድፉ መሐል ፕላቫትስ ማሊ ይተክሉለታል፣ ከእሱ የአበባ ዱቄት እንዲያገኝ። ጎረቤት ከሌለው ዘለላ የለም። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ከደሴቱ ብዙ አይወጣም። እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የቀዳሁት። ደረቅ ነው፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ መረር ይላል። እንደ መራራ ለውዝ። ለተጠበሰ ዓሣ ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

---

እትዬ ጓዳ

ረቡዕ ቆስጣውን ሠራሁት። ውሃውን በደንብ አጠለልኩ። የልጅ ልጄ አትክልት አይነካም ነበር፣ ሁለቴ ጨመረ። ነጭ ሽንኩርቱን እኔ ስድስት ፍንካች አድርጌዋለሁ። ለወደፊትም በስድስት ነው የምሠራው።

---

የማይን ዳር ልጅ

ትናንት ሄጄ ነበር። የስድስት ኪሎውን ሐውልት ፎቶ በስልኬ ይዤ ሄድኩ።

ሴትዮዋ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። ፎቶውን አሰፋችው። የወደቁትን ሰዎች አንድ በአንድ አየች። «ይሄ የት ነው?» አለች። አዲስ አበባ፣ እኛ የሞቱብንን የምናስብበት ቦታ ነው አልኳት። ማን እንደሠራው ስነግራት ባሏን ከወጥ ቤት ጠራችው። እሱ ሽርጡን እንደታጠቀ መጣ። «ክርሺኒች? የሉምባርዳው?» አለ። ስሙን ያውቀዋል። ስልኩን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ሳይናገር ገባ።

ሲመለስ ጠርሙስ ይዟል። ግርክ ነው። ከዘመዶቹ ያመጣው፣ ለሽያጭ ያልሆነ። ሦስት ብርጭቆ ቀዳ። «ዢቭየሊ» አለ፣ «ለጤናችን» እንደማለት ነው። ወንድሜ ወይን ቀጂው፣ ልክ እንዳልከው ነው። መጀመሪያ ምንም የሌለው ይመስላል፣ ከዋጥሽው በኋላ ነው ያቺ ምሬት የምትመጣው። የቀመስኩት ቀን ደግሞ ቅዳሜ ስለነበር ልቤ አልከበደኝም።

ሂሳብ ስጠይቅ ወይኑን አላስከፈሉኝም።

ለፔካ ነገርኳቸው። ዝቅተኛው ለአራት ሰው ነው። የጠቦት ይሆናል፣ አሳማ የሚባል ነገር እዚያ ድስት አይገባም፣ ለአንድ ሙስሊም ወንድሜ ያለ ወይንም ይደረጋል ብላኛለች። ፍም የሚያነዱት ከኋላ ግቢው ነው፣ ስለዚህ ዝናብ ከጣለ ወደሚቀጥለው ሳምንት ይዛወራል። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። እኔና ባልደረባዬ ሁለት ነን።

---

የሐረር በር

እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆች። ከሽቱትጋርት በባቡር እንመጣለን። የፋብሪካ ባልደረባዬንም ልጠይቀው ነው። እሱ ከመጣ ሰባት እንሆናለን፣ ድስቱ ይበቃ እንደሆነ ጠይቂልኝ።